ልጆቻችን ኮሌስትሮል ይመርመሩ ወይ?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቤተሰብ ጤና ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

   

ዛሬ የምናነሳው ርዕስ ከዊንጌትና ከአካባቢው የምትከታተሉን ወላጆች ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን ነው። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ «ባለቤቴን ሐኪሙ ደምህ ውስጥ ኮሌስትሮል በዝቷል ብሎታል። ታላቅ ወንድሙም ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳለ በድንገት ነው የሞተው። ታዲያ ልጆቻችንንም እናስመርምር ወይ? ኮሌስትሮል የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ አይደለም እንዴ?»

መልሱ እንደየቤተሰቡ ይለያያል። ለአብዛኞቹ ልጆች «አሁን የግድ አይደለም» የሚል ነው። ለጥቂቶቹ ግን «ዛሬ ነገ ሳትሉ አስመርምሩ» ነው። የእናንተ ልጅ ከየትኞቹ እንደሆነ በመጀመሪያ የሚነግራችሁ የቤተሰባችሁ ታሪክ ነው፤ ላቦራቶሪው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የዛሬው ንግግራችን ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

የዊንጌት ነዋሪ ለጤና ጉዳይ ባዕድ አይደለም። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ጎረቤቱ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣ ሕመምተኛ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ ይቀመጣል፤ አስታማሚ መንገድ ይጠይቀዋል። ከዚያ ሳይርቅ ደግሞ ፓስተር በምንለው ሰፈር የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ይህ ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 2015) ተላላፊ ስላልሆኑ በሽታዎች አገር አቀፍ ጥናት አካሂዶ ነበር። ባለሙያዎች በየክልሉ ቤት ለቤት ዞረው ወደ 9,800 የሚጠጉ ሰዎችን ጠየቁ፤ ክብደት መዘኑ፤ የደም ግፊት ለኩ፤ ደምም ወሰዱ። ከመቶው ሰው ወደ 16 የሚሆነው የደም ግፊት ተገኘበት። ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 190 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ከመቶው ወደ 5 ነበር።

አምስት ከመቶ ጥቂት ነው የሚል ይኖራል። ከበለጸጉት አገሮች ጋር ሲተያይ በእርግጥም ጥቂት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጥናቱ ያካተተው ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉትን ብቻ ነው። ከ15 ዓመት በታች ያሉት ልጆቻችን በዚያ መዝገብ ውስጥ የሉም። ስለዚህ የልጆቻችንን ነገር ስናነሳ በየቤታችን የምናውቀውን ታሪክና በሌላው ዓለም በልጆች ላይ የተደረገውን ጥናት አጋጥመን ማየት ይኖርብናል።

ኮሌስትሮል ምንድን ነው?

ኮሌስትሮል መርዝ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሰውነታችን ውስጥ ለጥቅም የፈጠረው ቅባት መሰል ነገር ነው። የሰውነት ሕዋሳት ግድግዳ ይሠራበታል፤ አንዳንድ ሆርሞኖችም ከእርሱ ይሠራሉ። ከምግብ የምናገኘው ቢኖርም አብዛኛውን የሚያመርተው የራሳችን ጉበት ነው። ቅባት ከውኃ ጋር ስለማይዋሃድ በደም ውስጥ ብቻውን አይጓዝም፤ ተሸካሚ ይፈልጋል። ኤል ዲ ኤል የሚባለው ተሸካሚ ኮሌስትሮሉን ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ያደርሳል። ኤች ዲ ኤል የሚባለው ደግሞ የተረፈውን ሰብስቦ ወደ ጉበት ይመልሳል። ኤል ዲ ኤል ከመጠን በላይ ሲሆን በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይጠራቀማል። የደም ሥሩ ቀስ በቀስ ይጠብባል። አንድ ቀን የተጠራቀመው ነገር ሲቀደድ ደም በላዩ ይረጋና መንገዱ ይዘጋል። በልብ ደም ሥር ላይ ከሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በአንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ የምንለው ይመጣል።

ይህ ነገር በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም። ሰውየው በ45 ዓመቱ ሲወድቅ «ትላንት ደህና ነበር» እንላለን። የደም ሥሩ ግን ትላንት ደህና አልነበረም፤ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት ጀምሮ ሲጠብብ ነው የኖረው።

ይህን ለማወቅ ያስቻለው አንድ አሳዛኝ አጋጣሚ ነው። በኮሪያ ጦርነት፣ የእኛም የቃኘው ሻለቃ በዘመተበት፣ የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮችን ልብ ሐኪሞች ከፍተው መረመሩ። የሟቾቹ አማካይ ዕድሜ 22 ዓመት ነበር። ለውትድርና ጤናቸው ተመርምሮ የተመረጡ ጎረምሶች ናቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ በ1953 ሲታተም ግን ከመቶው በ77ቱ የልብ ደም ሥር ላይ የመጥበብ ምልክት መገኘቱን ገለጸ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ ከ1973 ጀምሮ ዶክተር ጄራልድ ቤረንሰን የተባሉ ሐኪም በሉዊዚያና ግዛት በምትገኘው ቦጋሉሳ ከተማ ልጆችን ከሕፃንነት እስከ ጉልምስና ተከታተሉ። በአደጋና በሌላ ምክንያት በወጣትነታቸው የሞቱትን ሲመረምሩ በልጅነታቸው ኮሌስትሮላቸው፣ የደም ግፊታቸውና ክብደታቸው ከፍ ያለው የደም ሥራቸው ይበልጥ ተጎድቶ ተገኘ። እንግዲህ የልብ በሽታ የሚታየው በጉልምስና ቢሆንም የሚዘራው በልጅነት ነው ማለት ነው።

«እኛ ቀጭን ሕዝብ ነን» ለሚሉ

አንዳንድ ወንድሞቻችን ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው ይላሉ። በዘር እኛን አይነካንም ብለውም ያስባሉ። ለዚህ አንድ የታወቀ የኢትዮጵያውያን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ በ1984ና 85፣ እንደገናም በ1991 ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ከሰሜን ኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሄዱ። እንደደረሱ ሲመረመሩ ኮሌስትሮላቸው ዝቅተኛ ነበር። የስኳር በሽታና የደም ግፊትም እምብዛም አልነበረባቸውም። በእግር የሚሄድ፣ የሚያርስ፣ ጤፍና ሽምብራ የሚበላ ገበሬ ነው የሄደው። ጥቂት ዓመታት በከተማ ኑሮ ካለፉ በኋላ ግን ኮሌስትሮሉም ጨመረ፤ ስኳሩም፣ ግፊቱም መጣ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ገበታቸውና ውሏቸው ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ እስራኤል መሄድም አያስፈልግም። አያቱ ገጠር ያደጉ፣ አባቱ መርካቶ ቁጭ ብሎ የሚነግድ፣ እርሱ ራሱ በሰርቪስ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ በየቤታችን አለ። ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ ቤት ተሠርቶበታል። ከትምህርት ሲመለስ የሚጠብቀው ቴሌቪዥንና ስልክ ነው፤ የሚሸለመውም ቺፕስና ለስላሳ ነው። ሦስት ትውልድ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት ኑሮ ይኖራል።

ከቤተሰብ የሚወረሰው

እስካሁን ያነሳነው ከኑሮ የሚመጣውን ነው። ከዚህ የተለየ፣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም፣ ሥጋ የሚበላውንም ሽሮ የሚበላውንም የማይለይ አንድ ዓይነት አለ። እርሱም ከእናት ወይም ከአባት የሚወረሰው ከፍተኛ ኮሌስትሮል ነው። የአድማጫችን ጥያቄ ትልቁ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ገና በልጅነታቸው ልባቸው የታመመ ወንድምና እህት አጋጠሟቸው። ምክንያቱን ፍለጋ ለዓመታት ደከሙ። በመጨረሻም በጉበት ሕዋስ ላይ ኤል ዲ ኤልን ከደም ውስጥ የሚቀበል በር መሰል ነገር እንዳለ ደረሱበት። በእነዚህ ልጆች ላይ በሩ አይሠራም ነበር። እንግዳ መጥቶ የሚከፍትለት እንዳጣ፣ ኤል ዲ ኤሉ በደም ውስጥ እየዞረ ይቀራል። ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ በ1985 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ይህ የተበላሸ በር ከአንድ ወላጅ ብቻ የተወረሰ ሲሆን በዓለም ላይ ከ250 ሰው በግምት አንዱ ጋ ይገኛል። እናት ወይም አባት ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው፤ ሳንቲም እንደመወርወር ማለት ነው። ሕክምና ካላገኙ ወንዶቹ ግማሽ የሚሆኑት 50 ዓመት ሳይሞላቸው የልብ ደም ሥር በሽታ ይይዛቸዋል። ሴቶቹም ከሦስቱ አንዷ ያህል 60 ዓመት ሳይሞላት ትታመማለች። ከሁለቱም ወላጅ የተወረሰ ከሆነ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው፤ በልጅነትና በጉርምስና ጊዜ ልብን ያጠቃል። ይህኛው ግን በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው።

የአጎትና የአክስት ልጆች የሚጋቡበት ባህል ባለባቸው ወገኖቻችን ዘንድ፣ ለምሳሌ በአፋር አብሱማ በሚባለው ልማድ፣ ጋብቻው ሐላል መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም ባልና ሚስት አንድ አያት ስለሚጋሩ አንድ ዓይነት ውርስ በሁለቱም በኩል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ በልብ ሕመም በወጣትነቱ የሞተ ሰው ካለ ሁለቱም ተጋቢዎች ቀደም ብለው ቢመረመሩ ለሚወልዱት ልጅ ይጠቅማል።

ይህ ውርስ ያለበት ልጅ ምንም አያመውም። ይሮጣል፤ ይጫወታል፤ በትምህርቱም ጎበዝ ነው። አንዳንዴ ብቻ፣ በተለይ ከሁለቱም ወላጅ የወረሰው፣ በክርኑ፣ በጉልበቱ ወይም ከተረከዙ በላይ ባለው ጅማት ላይ ቢጫ የሚመስል የቅባት እብጠት ይታይበታል። እንዲህ ያለ እብጠት ያያችሁ ወላጆች «ኪንታሮት ነው፣ ይጠፋል» ብላችሁ አትተዉት፤ ለሐኪም አሳዩት።

ታዲያ ሁሉም ልጅ ይመርመር?

በዚህ ላይ የዓለም ሐኪሞች በአንድ ቃል አልተስማሙም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ2011 የወጣው መመሪያ ማንኛውም ልጅ ከ9 እስከ 11 ዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ከ17 እስከ 21 ዓመቱ እንደገና እንዲመረመር ይመክራል። በዚያው አገር የመከላከል ምርመራዎችን የሚመዝነው ሌላ የባለሙያዎች ቡድን ግን እ.ኤ.አ በ2016ና በ2023 ሁሉንም ልጅ መመርመር ያለውን ጥቅምና ጉዳት ለመመዘን በቂ ማስረጃ የለም አለ። ስሎቬንያ የተባለችው ትንሽ አገር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ልጆችን በ5 ዓመታቸው ትመረምራለች። በእንግሊዝ ደግሞ ወደ 10,000 የሚሆኑ ሕፃናት ለክትባት ሲመጡ ተመርምረው ነበር፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ በ2016 ነው። ከየ1,000 ሕፃናት 4 ያህሉ ውርሱ ሲገኝባቸው በእነርሱ ምክንያት 4 ወላጆችም ተገኙ። እነዚያ ወላጆች በሽታውን ተሸክመው ሳያውቁት ይኖሩ ነበር። ሕፃኑ አባቱን አሳከመ ማለት ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። አገራችን ገና ብዙ ልጆች የሚቀነጭሩባት አገር ናት። እ.ኤ.አ በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ከመቶው 37ቱ ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል። በእንዲህ ያለ አገር ሁሉንም ልጅ ኮሌስትሮል እንመርምር ማለት ገንዘቡንም ጉልበቱንም ካለቦታው ማዋል ይሆናል። ሆኖም የሚከተሉት ልጆች ቢመረመሩ ተገቢ ነው፤ ከ2 ዓመት በላይ ከሆኑ ይቻላል።

አንደኛ፣ አባቱ፣ አያቱ፣ አጎቱ ወይም ወንድሙ 55 ዓመት ሳይሞላው፣ እናቱ፣ ሴት አያቱ፣ አክስቱ ወይም እህቱ 65 ዓመት ሳይሞላት በልብ ደም ሥር መዘጋት ወይም በስትሮክ የታመመ ወይም የሞተ ልጅ።

ሁለተኛ፣ እናቱ ወይም አባቱ ከፍተኛ ኮሌስትሮል እንዳለባቸው በምርመራ የታወቀ ልጅ። አባት ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 240 ከደረሰ ልጆቹን ማሰብ አለበት።

ሦስተኛ፣ ራሱ የስኳር በሽታ፣ የኩላሊት በሽታ፣ የደም ግፊት ወይም ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለበት ልጅ።

ምርመራው ከክንድ ትንሽ ደም መውሰድ ብቻ ነው። ላቦራቶሪዎች ሊፒድ ፕሮፋይል ይሉታል። ለመጀመሪያው ምርመራ ልጁን አስርቦ ማሳደር አያስፈልግም። ውጤቱ ከፍ ያለ እንደሆነ ሐኪሙ በባዶ ሆድ እንዲደገም ሊያዝዝ ይችላል። በልጅ ጠቅላላ ኮሌስትሮል ከ170 በታች ሲሆን መልካም ነው፤ 200ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ኤል ዲ ኤል ከ110 በታች መልካም፣ 130ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ከ160 በላይ ሆኖ በቤተሰቡ ውስጥም ታሪክ ካለ ሐኪሙ የሚጠረጥረው ያንን የሚወረሰውን ዓይነት ነው። በአንድ ውጤት ብቻ ግን አትደንግጡ። ልጁ ሰሞኑን ታሞ ከነበረ ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል፤ የእንቅርት ሆርሞን ማነስም ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ይደገማል፤ ሌላ ምክንያት እንዳለም ይታያል።

አባባ በምን ሞቱ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ የሚሠራው ቤተሰቡ ታሪኩን ሲያውቅ ነው። ሐኪሙ «በቤተሰባችሁ የልብ ሕመም አለ?» ብሎ ሲጠይቅ የብዙዎቻችን መልስ «የለም» ነው። እውነት ግን የለም? ወይስ አናውቀውም?

ለቅሶ ቤት የሚወራውን አስታውሱ። «ደህና አምሽቶ ነው ያደረው።» «ጨጓራው ነበር የሚያስቸግረው፤ ያን ዕለትም ጋዝ ነው ብሎ ተኛ።» «ምች መታው።» «ዓይን ነው የበላው።» ከዚያም «አጅሉ ደርሶ ነው፤ አላህ ይዘንለት» ተብሎ ይዘጋል። አጅል መድረሱ ሐቅ ነው፤ በዚህ ላይ ሙስሊም አይጠራጠርም። ነገር ግን በቀደር ማመን ሟቹ በምን ምክንያት እንደሞተ ከመጠየቅ አይከለክልም። ግመልን አስሮ በአላህ ላይ መመካት የሚለውን ትምህርት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። በ42 ዓመቱ ደረቱን ይዞ የወደቀው አጎት ሞቱን «ጨጓራ» ብለን ከቀበርነው፣ ለልጆቹ ትቶት ሊሄድ የሚችለውን ማስጠንቀቂያም አብረን ቀበርነው ማለት ነው። እነዚያ ልጆች ዛሬ 10ና 12 ዓመታቸው ነው። የሚያመው የለም። የሚጠይቃቸውም የለም።

ሌላም የሚያስደብቅ ነገር አለ። «የእነ እገሌ ዘር የልብ በሽታ አለበት ከተባለ ልጃችንን ማን ያገባታል?» የሚል ስጋት ነው። ይህን የምትሉ እናቶች ጭንቀታችሁ ይገባናል። ግን ሁለቱን አመዛዝኑ። በጊዜ የታወቀ ውርስ በመድኃኒት የሚያዝ ነው። ያልታወቀው ግን ከኒካሕ በኋላ፣ ልጆች ከተወለዱ በኋላ፣ ቤተሰብ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ከቆመ በኋላ ነው የሚመጣው። ልጅ አማና ነው። አማናን መጠበቅ ማለት የምናውቀውን ለሚያክመው ሰው መንገርንም ይጨምራል።

ስለዚህ የምንመክረው ቀላል ነው። ደብተር አውጡና ሦስት ትውልድ ጻፉ፦ አያቶች፣ እናትና አባት ከእነ ወንድምና እህቶቻቸው፣ ልጆች። በየስሙ አጠገብ አራት ነገር መዝግቡ። በሕይወት አለ ወይስ አርፏል? ካረፈ በስንት ዓመቱ? ዕድሜው በትክክል ካልታወቀ «የመጀመሪያ ልጁ ሲዳር ሞተ» እንደሚባለው በምልክት አስሉት። የመጨረሻ ቀኖቹ እንዴት ነበሩ? ደረቱን አመመው፣ ግማሽ አካሉ ሽባ ሆነ፣ በቁሙ ወደቀ፣ ወይስ ለረጅም ጊዜ ታሞ ነበር? በመጨረሻም፣ ግፊት፣ ስኳር ወይም ኮሌስትሮል አለብህ ተብሎ ያውቃል? አክስቶችን መጠየቅ አትርሱ፤ የቤተሰብን ነገር አጥርተው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ይህን ወረቀት ይዞ ሐኪም ቤት የሚገባ ወላጅ የምርመራውን ግማሽ ጨርሶ ነው የሚገባው።

ቢገኝበትስ?

ልጃችሁ ላይ የሚወረሰው ዓይነት ከተገኘ አትደናገጡ፤ ልጁንም አታስደንግጡት። የተገኘው በሽታው ሥራውን ሳይሠራ ነውና አልሐምዱሊላህ ማለት ይገባል። መጀመሪያ ምግብና እንቅስቃሴ ይስተካከላል። ያ ብቻውን ካልበቃ ልጁ ከ8 እስከ 10 ዓመት ሲሞላው ሐኪሙ ስታቲን የሚባለውን የመድኃኒት ዓይነት ሊጀምርለት ይችላል። በኔዘርላንድስ ይህ ውርስ ያለባቸው 214 ልጆች መድኃኒቱን ጀምረው ለ20 ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ በ2019 ነው። እነዚህ ልጆች 39 ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ የልብና የደም ሥር ችግር የደረሰባቸው ከመቶ 1 ብቻ ነበሩ። ያው ውርስ ካለባቸው ወላጆቻቸው መካከል ግን በዚያው ዕድሜ ከመቶ 26ቱ ታመው ነበር። በመድኃኒት ከታከሙት ልጆች በልብ ምክንያት የሞተ አልነበረም። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ደም፣ በአባትና በልጅ መካከል ይህን ያህል ልዩነት ያመጣው በልጅነት መታወቁ ነው።

መድኃኒቱ በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ የሚወሰድ ነው። የአባትን እንክብል ከፍሎ ለልጅ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ልጅቷ አድጋ ትዳር ስትይዝም እርግዝና ከማሰቧ በፊት ለሐኪሟ መንገር አለባት።

ስለ ጥቁር አዝሙድ፣ ስለ ማርና ስለ ነጭ ሽንኩርት የሚጠይቁን አሉ። ጥቁር አዝሙድ በሙስሊም ቤት ያለውን ክብር እናውቃለን፤ በልኩ መጠቀሙም መልካም ነው። በሩ የተበላሸበትን ልጅ መድኃኒት አስጥሎ በእርሱ ብቻ መተማመን ግን አደጋ ነው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የሁላችንም ገበታ

ምርመራ ለማያስፈልጋቸው ልጆችም ገበታው አንድ ነው። በመጀመሪያ ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቅባት አይከለከልም። አንጎሉ በማደግ ላይ ነው፤ የእናት ጡትም ራሱ ቅባት አለው። ሸሪዓችን ሁለት ዓመት ሙሉ ማጥባትን ያስተማረን በከንቱ አይደለም። የከሳን ልጅም ኮሌስትሮል ፈርቶ ከእንቁላልና ከወተት መከልከል ስሕተት ነው።

ከዚያ ውጭ ግን ዘይታችንን እንመልከት። ለዓመታት በሸማቾች ማኅበራት ሱቆች ሲሸጥ የኖረው የሚረጋው የፓልም ዘይት ቅባቱ ግማሽ ያህሉ ኤል ዲ ኤልን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ነው። ቅቤም እንዲሁ ነው። የኑግ፣ የሱፍና የሰሊጥ ዘይት ይሻላሉ። የዘይት ዋጋ እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ስለዚህ ምክራችን ውዱን ግዙ አይደለም። በወጥ ላይ የምታፈሱትን ቀንሱ ነው የምንለው። ሽሯችን፣ ምስራችን፣ ባቄላችን፣ ጎመናችንና ተልባችን ለልብ የሚስማሙ ምግቦች ናቸው። «የድሃ ምግብ» እያልን ልጆቻችንን አናሳፍራቸው።

በረመዳን ነገሩ ይገለበጣል። ቀኑን ሙሉ ጾመን ማታ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ በስኳር የከበደ ጭማቂ፣ ከዚያም ጥብስ እንደረድራለን። አንድ ዘይት ደግሞ ሦስትና አራት ቀን ይጠበስበታል። ተምርና ሾርባ በቂ መፍጠሪያ ናቸው። ሳምቡሳው ይኑር፤ ግን በየቀኑና በሳህን ሙሉ አይሁን። ልጆች ደግሞ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይሩጡ። አባቶች ሆይ፣ በልጆቻችሁ ፊት፣ ቤት ውስጥም መኪና ውስጥም አታጭሱ፤ ሺሻም ያው ጭስ ነው።

ከመሰናበታችን በፊት አንድ ነገር እናሳስብ። በአገራችን የልጆችን ልብ ይበልጥ የሚያበላሸው ዛሬም ከጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የልብ በሽታ ነው። ልጁ ጉሮሮውን ታሞ ትኩሳት ካለው፣ በተለይም ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያው እየተቀያየረ ካበጠና ካመመው፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የታዘዘለት ልጅም «ተሽሎታል» ተብሎ አይቋረጥበት። የኮሌስትሮሉ ጉዳት በአርባ ዓመቱ ነው የሚታየው፤ ይህኛው ግን በአሥር ዓመቱ ይደርስበታል።

ውድ አድማጮቻችን፣ በዚህ ጁሙዓ ቤተሰብ ሲሰባሰብ ከቡናው ጋር ያንን ደብተር አቅርቡ። አያቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ ነገ የሚያስታውስ ላይኖር ይችላል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከላይ ከጠቀስናቸው አንዱ በቤታችሁ ከተገኘ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እነርሱም ወደሚመለከተው ሆስፒታል ይልኳችኋል። ካልተገኘም ደብተሩን አስቀምጡት፤ ለልጅ ልጆቻችሁ ይጠቅማል።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። የታመሙትን ያሽርልን። ቀድመውን ለሄዱት ይዘንላቸው።